ጭንቅላቴ ውስጥ ያለችው እኔ አሁንም 7ኛ ክፍል ናት

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ረጅም ነው ይቅርታ፣ ስልክ ላይ ስለሆነ ምጽፈው ነጥብና ሰረዝ አትጠብቁብኝ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ 26 ዓመቴ ነው፣ ሥራ አለኝ፣ ይሄ ነው ሚባል ችግር የለብኝም። የልብ ጓደኛዬ ጥር ላይ ፍኖተ ሰላም ታገባለች፣ እኔ ሚዜ ነኝ። ለቀሚሱ ልክሽን ላኪ ከተባልኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ ሌሎቹ ሚዜዎች ልከው ጨርሰዋል እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። ለምን ብትሉ ሰርጉን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ስዕል ይመጣብኛል። እኔ ነኝ፣ ግን በራሴ ዓይን አደለም ማየው፣ ዳስ ውስጥ እንደተቀመጠ እድምተኛ ሆኜ ነው ራሴን ማየው፣ ከኋላና ከጎን፣ ክንዴ ከቀሚሱ ተርፎ፣ ስራመድ ወለሉ ሲነቃነቅ፣ ሴቶቹ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ሲሳሳቁ። ድምፅ ሁሉ አለው።

ሚገርመው ሚዛን 61 ኪሎ ነው ሚለው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ64። ወፍራም አደለሽም ተብያለሁ፣ ቁጥሩን እኔም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ግን ወፍራም ነበርኩ አልዋሽም። 7ኛ ክፍል ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ የዝላይ ተራዬ ደርሶ ስንደረደር አንዱ ልጅ "ሲኖ መጣች ዞር በሉ" አለ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ አስተማሪውም ሳቀ። ከዛ እስከ 10ኛ ክፍል ስሜ ሲኖ ሆኖ ቀረ፣ ድንጋይ ሚጭነው ሲኖትራክ ማለቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በካፌ ምግብና በጨጓራ ኪሎው ሄደ፣ ሲኖ ግን አልሄደችም።

አሁን ባጃጅ ስሳፈር ከኋላ ለሦስት መቀመጥ አልችልም፣ ሰው ምጨፈልቅ ይመስለኛል፣ ወይ ባዶ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ወይ የሁለት ሰው ሂሳብ እከፍላለሁ። ባለፈው መሥሪያ ቤት ሪፖርት አቅርቢ ስባል ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ለሌላ ሰጠሁት፣ የሠራሁት እኔ ነኝ ግን። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ሰውነቴ ከተለወጠ ስዕሉ ለምን አልተለወጠም? ደግሞስ የክንድ ነገር ከሆነ ለምን "ለምንም አትረቢም" ወደሚል ይሄድብኛል? ሪፖርት በክንድ አይቀርብ።

ጣና ዳር፦
ኧረግ የኔ እህት! የባጃጁን ሳነብ ሆዴን በላሽው። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው የደረሰብኝ፣ ባህር ዳር ተወልጄ ባድግም የአባቴ አገር ደጋ ዳሞት ስንሄድ አክስቶቼ "ወይ አንቺዋ ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ምን ነካሽ" እያሉ ይላቀሱብኛል፣ ባህር ዳር ስመለስ የቢሮ ልጆች "ወፍረሻል ቀንሺ" ይሉኛል። ያው አንድ ሰውነት ነው በአውቶብስ የሄደው።

የቡሬው፦
ልጄ አትቆጪኝና ይሄ የጥጋብ በሽታ ነው። እኛ በልጅነታችን ወፍራም ሰው ካየን የታደለ ነው ነበር ምንለው። ጤና ካለሽ፣ እጅ እግርሽ ካለ፣ ሥራ ካለሽ፣ ሚዜ ሆነሽ ጨፍረሽ ነይ በቃ። መስታወት ፊት መቆም ነው ይሄን ያመጣው።

ቀጮ ነኝ ከዳንግላ፦
ጋሼ በትሕትና፣ እሷ እኮ መስታወት ፊት ቆምኩ አላለችም፣ እንደውም ምትሸሽ ነው ሚመስለው። እኔ ወንድ ነኝ፣ ችግሬ ቅጥነት ነው፣ ችቦ ነበር ሚሉኝ፣ መስከረም በመጣ ቁጥር "ለደመራ አንተን እንለኩስህ" ይባላል ሁሌም ያው ቀልድ። እስካሁን ከጂንሴ ስር ሌላ ሱሪ ደርቤ ነው ምለብሰው፣ የዳንግላ ብርድ አጃቢ ሆኖኛል እንጂ ባህር ዳር ወርጄ በሙቀት ልሞት ነበር። ኳስ እወዳለሁ ግን በቁምጣ መጫወት ከተውኩ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ልክ ቁምጣውን ሳስብ ሁለት እንጨት ሜዳ ላይ ሲሮጡ ይታየኛል ከላያቸው ሰው የለም፣ እንጨት ብቻ። ወንድ ደግሞ ይሄን ለማን ያወራል? ሴቷ ቢያንስ ጓደኛዋ ትሰማታለች።

ሲስተር ሰ፦
የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው ምሠራው። የማርቆሷ፣ በዓይነ ልቦና ስለሚታዩ ምስሎች የጻፉ ሰዎች የደረሱበትን ነገር ሳታውቂው በደንብ ገልጸሽዋል፣ በተለይ "በራሴ ዓይን አደለም ማየው" ያልሽው። በፈረንጆች 1995 ክላርክና ዌልስ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች ሰው ፊት መቅረብ በጣም ስለሚፈሩ ሰዎች ሲጽፉ ልክ ይሄን ነው ያሉት፣ ሰውየው ከውጭ ቆሞ ራሱን ያያል፣ ያየውን ደግሞ እንደ ማስረጃ ይይዘዋል። እድምተኛው ምን እንዳሰበ ማንም አልጠየቀውም እኮ፣ ስዕሉን የሳለችው አንቺ፣ እድምተኛም ሆና የምትፈርደው አንቺ።

ለምን አልተለወጠም ላልሽው። እንደዚህ ዓይነት ተመላላሽ ስዕል ያለባቸው ሰዎች ሲጠየቁ አብዛኞቹ ስዕሉን ከአንድ የድሮ ቀን ጋር ያገናኙታል፣ የተሳቀባቸው፣ የተዋረዱበት ቀን። ያ ቀን ተነቅሎ አይወጣም ምክንያቱም ምንም አዲስ ነገር አይጨመርበትም። ባጃጁን እይው፣ ለሦስት ተቀምጠሽ አታውቂም ስለዚህ ማንም እንዳልተጨፈለቀ የምታውቂበት ዕድል የለሽም። ሁለት ሰው ሂሳብ ከፍለሽ ስትወርጂ ጭንቅላትሽ "ይኸው ባትከፍይ ኖሮ ጉድ ነበር" ይልሻል። ዳንግላም ሁለቱ ሱሪ ያው ነው የኔ ወንድም።

ለምን "አልረባም" ወደሚል ሄደ ላልሽው ደግሞ፣ ቃልና ስዕል እኩል አደሉም። "ሎሚ ጎምዛዛ ነው" ብዬ ብጽፍ ምንም አትሆኑም፣ አሁን ግን ዓይናችሁን ጨፍኑና ሎሚ በቢላ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ስትነክሱት አስቡት፣ ምራቃችሁ መጣ አደል? ስዕል ስሜቱን ጎትቶ ነው ሚመጣው። የ7ኛ ክፍሉ ስዕል ሲመጣ ያ ቀን የተሰማሽ ነገር በሙሉ አብሮ ይመጣል፣ የውፍረት ስሜት ብቻ አደለም፣ ብቻዬን ነኝ ማንም አይፈልገኝም የሚለውም። ለራስ የሚሰጥ ክብር የሚለካበት ሮዘንበርግ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጅ 1965 ያወጣው የ10 ጥያቄ መጠይቅ አለ፣ ስለ ኪሎም ስለ መልክም አንድ ጥያቄ የለውም፣ ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ ወይ ነው ነገሩ። ስዕሉ ሚነካው እዛ ጋ ነው።

አወያይ፦
በ14 ቀን ቦርጭ የሚያቀልጥ ሻይ ብሎ ስልክ ቁጥር የለጠፈው ሰውዬ ተነስቷል። እዚህ ውይይት ላይ ትንሽ እፈሩ እንጂ።

ዘጌ ቡና፦
😂😂 አወያይ እናመሰግናለን። እኔ የናቴን ነገር ላውራ ከርዕሱ ካልወጣሁ። እናቴ የአዴት ልጅ ናት፣ አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳለች፣ ግንባሯ ላይ መስቀል አለ፣ ድዷንም ተነቅሳለች። ያኔ ያልተነቀሰች ልጅ ናት ሚታዘንላት፣ አንገቷ በግጥም ተነስቷል አሉ፣ ጥምቀት ላይ ሎሚ የተወረወረላት ለዛ አንገት ነው። ባህር ዳር ከኔ ጋ መኖር ከጀመረች ወዲህ ግን ሆስፒታል ስንሄድ፣ ባንክ ስንሄድ ነጠላዋን እስከ አገጯ ትጠቀለላለች። ባለፈው "በጨረር ያጠፉታል የሚባለው እውነት ነው?" አለችኝ። ያ ንቅሳት አንዲት ነጥብ አልተጨመረበትም አልተቀነሰበትም እኮ። ምን እንደምላት ግራ ገብቶኝ ዝም አልኩ።

ሲስተር ሰ፦
ዘጌ ከርዕስ አልወጣሽም። ፊጂ የሚባል የደሴት አገር አለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ እዛም እንደኛው ሞላ ያለ ሰውነት ነው ሚመሰገነው፣ ሰው ሲከሳ ምን ሆነ ተብሎ ይታሰብለታል፣ ልክ እንደ ጣና ዳር አክስቶች። በፈረንጅ 1995 አንድ አካባቢ ቴሌቪዥን ሲገባ አን ቤከር የምትባል ሐኪም የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ጠየቀች፣ ያኔ ለመክሳት ብላ ምታስመልስ አንድም አልነበረችም። በ1998 ተመልሳ ስትጠይቅ ከመቶ 11 ሆኑ። ሰውነታቸው አደለም በሦስት ዓመት የተለወጠው። እናትሽን ግን ዝም አትበያት፣ ግጥሙን ንገሪኝ በያት።

የቡሬው፦
ሲስተር ትምህርትሽን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ይቺ ልጅ የሌለ ውፍረት ነው ሚታያት እሺ፣ ያ ስዕል ነው ተብሎ ይታለፋል። እውነት ጉድለት ያለበት ሰውስ? እኔ በ1978 ዓ.ም. የገና ጨዋታ ላይ ሩሯ አፌን መታችኝና የፊት ሁለት ጥርሴ ወለቀ። ይሄ ስዕል አደለም፣ ጥርሱ የለም። የልጄ ሰርግ ፎቶ ላይ ከንፈሬን ገጥሜ እንደ ዳኛ ቆሜያለሁ ይኸው ግድግዳው ላይ አለ፣ ሚስቴ እስከዛሬ "ልጅህ ስታገባ ተኮሳትረህ" ትለኛለች። ጥጋብ ነው ያልኩት ለሷ ነው እንጂ የኔው በመረጃ ነው።

ቀጮ ነኝ ከዳንግላ፦
ጋሼ 😂 ይቅርታ ልስቅ አልፈለኩም ግን "የኔው በመረጃ ነው" ገደለኝ። 40 ዓመት ሊሞላው ነው እኮ!

ሲስተር ሰ፦
ጋሼ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሙያው ውስጥ ያሉም ይጠይቁታል። በ1980 በፈረንጅ አሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ ክሌክና ስትሬንታ የሚባሉ ሰዎች አንድ ነገር ሞከሩ። የሰዎቹን ፊት ላይ በሜካፕ ጠባሳ ሣሉባቸውና በመስታወት አሳዩአቸው። ከዛ "ጠባሳው እንዳይሰነጣጠቅ ቅባት እንቀባው" ብለው ጭራሽ ጠረጉት፣ ሰዎቹ ግን ጠባሳው እንዳለ ነው ሚመስላቸው። ከማያውቁት ሰው ጋር ቁጭ ብለው አወሩ። ሲወጡ ምን አሉ፣ ሰውየው ጭንቅ ብሎት ነበር፣ ጠባሳዬን እያየ፣ ዝቅ አድርጎ እያየኝ ነበር። ጠባሳ በሌለበት ፊት! ስለዚህ ጋሼ ጥርሱ የለም እሱ እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ ጥርስዎን እያየ ነው የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ላይ ነው ስዕሉ ያለው። እውነተኛ ጠባሳ፣ እውነተኛ ለምጽ፣ እውነተኛ ውፍረት ያለበት ሰው ላይ መድልዎ የለም ማለቴ አደለም፣ አለ፣ እናውቃለን። ግን መድልዎ ባይኖርም ስዕሉ ራሱ ሥራውን ይሠራል።

ካሜራማን ባህር ዳር፦
ሰርግ ስቀርጽ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ስለ ፎቶ ካነሳችሁ ዝም ማለት አልችልም። ሰው ሁሉ ፎቶውን ሲያይ "ይሄ እኔ አደለሁም" ነው ሚለው፣ ምክንያቱም ራሱን ሚያውቀው በመስታወት ነው፣ መስታወት ደግሞ ግራ ቀኙን ያገላብጣል። ፎቶ ላይ ሚያየው ሌላ ሰው ሚያየውን ፊቱን ነው፣ እሱን ደግሞ አልለመደውም። ሌላው ሰልፊ። ስልኩን 30 ሳንቲም ላይ ይዛችሁ ስታነሱ አፍንጫ ወደ 30 በመቶ ሰፍቶ ነው ሚወጣው አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር፣ ሌንሱ ስለቀረበ ነው እንጂ አፍንጫው ስላበጠ አደለም። አንዷ ሙሽራ በሰልፊ አፍንጫዋን ጠልታ ሰርጓን ሙሉ አፍንጫዋን በእጇ እየሸፈነች ስትስቅ ዋለች፣ አልበሙን ስናስረክባት "ለምን አልነገርከኝም" ብላ አለቀሰችብኝ። ቢያንስ አምስቴ ነግሬያታለሁ።

የማርቆሷ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ኔትወርክ ጠፍቶብኝ ነው ዝም ያልኩት። ሲስተር የጠባሳውን ሁለቴ አነበብኩት። ግን አውቄው ምን ላርግ? ማወቁንማ 61 ኪሎ መሆኔንም አውቃለሁ። ጓደኛዬ ዛሬም ደወለች ልኩን ላኪ ጨርቁ ተሸጦ ሊያልቅ ነው ብላ። ሜትር ገዝቻለሁ ጠረጴዛ ላይ ተጠቅልሎ እያየኝ ነው።

መርፌ ክር ሞጣ፦
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ብዙ አልተማርኩም፣ ግን ይሄንን በየቀኑ ነው ማየው። ደንበኛ መጥታ "እኔ ሰፊ ነኝ አሰፊው" ትለኛለች፣ ልኳን ሳልወስድ በፊት ክር እሰጣትና ወገብሽ ይሄን ያህላል ምትይውን ጠረጴዛ ላይ በክብ አስቀምጪ እላታለሁ። ከዛ ያንኑ ክር ወገቧ ላይ አዞርና አሳያታለሁ። አብዛኞቹ ይተርፋቸዋል፣ እንደውም አንዷ ሁለት እሷን ሚያስር ክር ነው ያስቀመጠችው። ይሄን የጀመርኩት ለቀልድ አደለም፣ ባሉት ልክ ሰፍቼ "ጆንያ ሰፋሽልኝ" ሲሉኝ ሰለቸኝ። እህቴ ሜትሩን ተይው ቁጥር አለው ያስፈራል። ክር አምጪ።

ሲስተር ሰ፦
መርፌ ክር ገረምሽኝ! የሕክምና ቦታ ላይ ራሱ በገመድ ይሠራል፣ የአመጋገብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው መጀመሪያ ግምቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ከዛ ሰውነት ላይ ይለካል። ማን ነገረሽ?

መርፌ ክር ሞጣ፦
ጆንያው ነዋ።

ቀጮ ነኝ ከዳንግላ፦
እኔም ጭኔን በክር ልሞክር? በተቃራኒው ይሆን ሚወጣው 🤔

የማርቆሷ፦
ሞከርኩት። ማታ ቤት ማንም ሳይኖር የእህቴን የሹራብ ክር ወስጄ ወለሉ ላይ በክብ አስቀመጥኩ፣ እንደውም ላለማጋነን ብዬ ትንሽ ጠበብ አረኩት። አንስቼ ሳዞረው አንድ ስንዝር ተረፈ። መልሼ በሜትር ለካሁት፣ ክሩ 101 እኔ 78። ቁጭ ብዬ ሳቅኩ ከዛ ለምን እንደሆነ አላውቅም አለቀስኩ። ወለሉ ላይ ያለችውን ክብ ሳያት ልጅቷ አሳዘነችኝ፣ በ13 ዓመቷ ያን ሁሉ ሰው ሲስቅባት ዞር በሉ ሲሏት። ሲስተር ይሄ ልክ ነው ወይስ እያበድኩ ነው?

እና እንዳትደሰቱ፣ ጠዋት ስነሳ ስዕሉ እዛው ነበር፣ ክንዴ ተርፎ፣ ነጠላው፣ ሳቁ። ግን ትንሽ የሰው ፎቶ እንደማየት ሆነብኝ።

ሲስተር ሰ፦
አላበድሽም፣ እንደውም ቴራፒ ውስጥ ከሚሠሩት ዋናው እሱን ይመስላል። ወደዛ የስፖርት ሜዳ በሐሳብ መመለስ ነው፣ ግን አሁን ባለሽበት ዕድሜ፣ 26 ዓመት ሆነሽ ገብተሽ ከልጅቷ ጎን መቆም፣ ለአስተማሪው የሚባለውን መናገር፣ እሷ ያኔ የፈለገችውን ለሷ ማድረግ። ስዕሉን በቆንጆ ስዕል መተካት አደለም፣ እሱ አይሠራም ሰው ራሱን አያታልል። ከባድ ትዝታ ከሆነ ብቻሽን አትሞክሪው ባለሙያ ይኑር። ክሩን ደግሞ በየቀኑ አትለኪ፣ ለሙከራ አንዴ ሁለቴ ይበቃል፣ ማታ ማታ ከሆነ ሌላ ሱስ ነው ሚሆነው። ለሌሎቻችሁም፣ ስለ መልካችሁ ማሰብ በቀን ሰዓትና ከዛ በላይ ሚወስድባችሁ ከሆነ፣ ወይ ምግብ እየዘለላችሁ ወይ እያስመለሳችሁ ከሆነ ይሄ የክር ጉዳይ አደለም። ባህር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፣ እብድ ነው ይሉኛል ብላችሁ እንዳትቀሩ፣ ወረፋው ላይ ጎረቤታችሁን ነው ምታገኙት።

የቡሬው፦
ለገና ልጆቼ ይመጣሉ። ፎቶ እንነሳ ይሉ ይሆናል። እናያለን።

ዘጌ ቡና፦
እናቴን ግጥሙን ጠየቅኳት ሲስተር። አልነግርሽም አለች፣ ግን ከሰዓት በኋላ ቡና እያፈላች ስታንጎራጉረው ሰማኋት፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

የማርቆሷ፦
ልኩን ላክሁ። 78። ጓደኛዬ "ይሄን ለመላክ ነው ሁለት ሳምንት?" አለችኝ። ደሞ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ለሦስት ተቀመጥኩ፣ ልቤ ሊወጣ ነው እጄ አልቦታል፣ አሁን ሰውየው ዞር በይ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ሹፌሩ ወደኋላ ዞሮ "የኔ እናት ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ አንድ ሰው ትግባ" ብሎ አራተኛ ጫነብን ከነዶሮዋ። ዶሮዋ ጭኔ ላይ ነበረች እስክወርድ።

ጣና ዳር፦
😂😂😂 መርፌ ክር፣ ሞጣ የት አካባቢ ነሽ? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነው፣ እኔም ላሰፋ ነው።

መርፌ ክር ሞጣ፦
በውስጥ ጻፊልኝ። ልክሽን በግምት እንዳትልኪልኝ ብቻ።